የአንጥረኛው ስም፦ ከሞሱልና ከካይሮ ቤተ መንግሥታት እስከ ወሎ የብር ሥራ

በነሐስና በብር ዕቃ ላይ ሐረግ፣ አበባ፣ የአደን ትዕይንትና ጽሑፍ በመሮ እየቀረጹ ማስጌጥ፣ በእስልምናው ዓለም ቤተ መንግሥታት ዘንድ ከ12ኛው እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ እጅግ ከፍ ያለ ደረጃ ላይ የደረሰ ጥበብ ሲሆን፣ ከሥራዎቹ መካከል ብዙዎቹ ዛሬ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በካይሮ፣ በሴንት ፒተርስበርግና በኒው ዮርክ ሙዚየሞች ይገኛሉ። ይህ ጥበብ ከወሎ ደጋ እጅግ የራቀ ቢመስልም፣ ከሐይቅ እስጢፋኖስ እስከ ቦሩ ሜዳ፣ ከኩታበር ባሻገር ካለው የበሽሎ ሸለቆ እስከ መቅደላ አምባ የተዘረጋው ምድር ከዚያ ዓለም ጋር በደብዳቤ፣ በንግድ፣ በጦርነትና በእጅ ሙያ የተገናኘባቸው ጊዜያት ጥቂት አይደሉም። ይህ ዝግጅት ጥበቡ እንዴት እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚጻፍበትና ወደ ኢትዮጵያ በየትኛው በር እንደቀረበ ያብራራል፤ ከሁሉ በላይ ግን የሚያተኩረው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ በሞሱልና በካይሮ አንጥረኛው ስሙን በሥራው ላይ ሲቀርጽ፣ በወሎም ሆነ በጎንደር የረቀቀ ሥራ የሠራው ሰው ስሙ ለምን ጠፋ? በዝግጅቱ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጥበቡን ጠባይ ለመረዳት አስቀድሞ ጥሬ ዕቃውን ማወቅ ያስፈልጋል። የነቢዩ ሙሐመድ ንግግርና ተግባር የተመዘገበበት ሐዲስ በወርቅና በብር ዕቃ መብላትንና መጠጣትን ይከለክላል። ቤተ መንግሥታት ይህን ክልከላ ሁልጊዜ ጠብቀውታል ማለት አይቻልም፤ ሆኖም ክልከላው በየጊዜው ከሚከሰተው የብር እጥረት ጋር ተዳምሮ፣ ዕቃው ራሱ ከነሐስ ተሠርቶ ላዩ ብቻ በብር፣ በመዳብና አንዳንዴም በወርቅ የሚያጌጥበት ልማድ እንዲስፋፋ ምክንያት ሆኗል። እዚህ ላይ ነሐስ የተባለው በተለይ የመዳብና የዚንክ ቅልቅል የሆነው ቢጫ ማዕድን ነው። ይህ ማዕድን እንደ ወርቅ ቢያበራም ዋጋው ከወርቅም ከብርም እጅግ ያነሰ በመሆኑ፣ ዕቃውን ውድ የሚያደርገው ማዕድኑ ሳይሆን በላዩ ላይ የዋለው የሰው እጅ ነበር። ይህ ነገር ቀላል ቢመስልም ለጥያቄው መልስ ግማሹን ይይዛል፤ ዕቃው የሚከበረው በእጅ ሥራው ከሆነ፣ የእጁ ባለቤት ማን እንደሆነ ገዢውም ሆነ ሹሙ ማወቅ ይፈልጋልና።

አሠራሩ ብዙ ሰው ከሚገምተው የበለጠ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ዕቃው በመጀመሪያ ቀልጦ በመፍሰስ ወይም የነሐስ ጠፍጣፋ በመዶሻ በመቀጥቀጥ ቅርጹን ይይዛል፤ ማዕድኑ በተመታ ቁጥር እየጠነከረና ሊሰነጠቅ እየደረሰ ስለሚሄድ፣ በየመሀሉ በእሳት ግሎ እንዲለሰልስ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ንድፉ በላዩ ላይ ይነደፋል፤ ብር የሚገባበት ቦታ ሁሉ በመሮ በስሱ ይቦረቦራል፤ የቦረቦሩም ጠርዝ ከላይ ጠበብ ከሥር ሰፋ እንዲል ተደርጎ ወደ ውስጥ ይቆረጣል። ቀጥሎ እንደ ቅጠል የሳሳ የብር ንጣፍ በልኩ ተቆርጦ በቦረቦሩ ውስጥ ይቀመጥና በመዶሻ ይመታል፤ ለስላሳው ብር ተለጥጦ ከጠርዙ ሥር ስለሚገባ፣ ጠርዙም ተጫምቆ ስለሚይዘው፣ ያለ ሙጫና ያለ ብየዳ ለዘመናት ሳይነቀል ይኖራል። ይህም ብቻ አይደለም፤ ብሩ ከገባ በኋላ የሰው ዐይን፣ የልብስ እጥፋት፣ የወፍ ላባና የፈረስ ጋማ በቀጭን መሮ በራሱ በብሩ ላይ ይቀረጻል። በመጨረሻ በምስሎቹ መካከል ባዶ የቀረው መደብ በጥቁር ድብልቅ ይሞላና ነሐሱ ቢጫ፣ ብሩ ነጭ፣ መደቡ ጥቁር ሆኖ ሦስቱ ቀለሞች እርስ በርሳቸው ይደማመቃሉ። በሙዚየም ከሚታዩት ዕቃዎች በብዙዎቹ ላይ ብሩ በከፊል ወልቆ ስለሚገኝ፣ ባዶው ቦረቦር ይህን አሠራር ለተመራማሪዎች ገልጦ አሳይቷል።

ይህ ሙያ በስሙ ከሚታወቅባቸው ከተሞች የመጀመሪያዋ በዛሬዋ ሰሜናዊ ኢራቅ የምትገኘው ሞሱል ናት። በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘውና በቀድሞ ባለቤቱ ስም የብላካስ ማንቆርቆሪያ የሚባለው የነሐስ ዕቃ በ1232 በሞሱል የተሠራ ሲሆን፣ ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ በብርና በመዳብ የተጌጠ ነው። በሆዱ ዙሪያ የአደን፣ የጦርነትና የሙዚቃ ትዕይንቶች፣ በግመል ላይ የተቀመጠች እመቤትና አጃቢዎቿም ጭምር ተቀርጸውበታል፤ በአንገቱ ላይም ሹጃዕ ኢብን መንዓ የተባለ የሞሱል ሰው በሞሱል ከተማ እንደሠራው በግልጽ ተጽፏል። ወሩና ዓመቱ ሳይቀር ተመዝግቧል። ሞሱል በ1262 በሞንጎሎች እጅ ስትወድቅ፣ አስቀድሞ ጀምሮ ወደ ደማስቆና ወደ ካይሮ ይፈልስ የነበረው አንጥረኛ ሙያውን ወደ መምሉክ ሱልጣኖች ግዛት ይዞ ሄደ፤ መምሉኮች ከ1250 እስከ 1517 ግብፅንና ሶርያን የገዙ፣ መነሻቸው በባርነት ተገዝተው በወታደርነት ያደጉ ሰዎች የሆነ ገዥዎች ነበሩ።

ከዚህም ቀደም ብሎ በ1163 ዛሬ በአፍጋኒስታን በምትገኘው በሄራት ከተማ የተሠራውና በሴንት ፒተርስበርግ ኤርሚታዥ ሙዚየም የሚገኘው ባልዲ ሁለት ስም ይዟል፤ ቅርጹን ያፈሰሰው ሙሐመድ ኢብን ዐብዱልዋሒድ፣ ጌጡን የቀረጸው ደግሞ መስዑድ ኢብን አሕመድ እንደሆነ ተጽፎበታል። አፍሳሹና ቀራጩ ለየብቻ መጠቀሳቸው የሥራ ክፍፍሉ ምን ያህል የዳበረ እንደነበረ ያስረዳል። በፓሪስ ሉቭር ሙዚየም የሚገኘውና በ14ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በመምሉኮች ግዛት የተሠራው ትልቅ ሳፋ ግን ከሁሉም ይልቅ የሠሪው ኩራት የሚታይበት ነው፤ ሙሐመድ ኢብን አዝዘይን የተባለው አንጥረኛ ስሙን በስድስት ቦታ ቀርጾበታል። ይህ የሙስሊም መሳፍንትንና አዳኞችን ምስል የያዘ ሳፋ በኋላ ወደ ፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ገብቶ በ1606 ለወደፊቱ ንጉሥ ለ13ኛው ሉዊ ጥምቀት ማገልገሉ፣ የሚያምር ዕቃ የሃይማኖትን ድንበር ያለ ብዙ ችግር እንደሚሻገር ከሚያሳዩት ማስረጃዎች አንዱ ነው።

በእነዚህ ዕቃዎች ላይ የሚቀረጸው ጽሑፍ ሁለት ዓይነት መልክ አለው። አንደኛው ኩፊ የሚባለው ማዕዘናማ የዐረብኛ አጻጻፍ ሲሆን፣ ሁለተኛው ፊደሉ ረዘም ብሎ የሚጎብጠውና በመምሉክ ዘመን የገነነው ሱሉስ ነው። ይዘቱ በአብዛኛው የሱልጣኑን ወይም የአሚሩን ስምና ማዕረግ ይዘረዝራል፤ ዐዋቂ፣ ፍትሐዊ፣ ድል አድራጊ እያለ ያሞግሳል፤ ክብርና ረጅም ዕድሜም ይመኛል። ከጽሑፉ ጎን ደግሞ የሹመት ዓርማ ይቀረጻል፤ የሱልጣኑ መጠጥ አሳላፊ የነበረ አሚር ጽዋን፣ ሰይፍ ያዥ የነበረው ሰይፍን በክብ ውስጥ አስቀርጾ የግሉ ምልክት ያደርገዋል። የኢትዮጵያ ነገሥታትና መኳንንት ለቤተ ክርስቲያን በሰጧቸው መስቀሎችና ጽዋዎች ላይም በግእዝ የሰጪው ስም፣ የተቀባዩ ደብር ስምና የሰረቀውን የሚያወግዝ ቃል ይጻፋል፤ የሠሪው ስም ግን የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው።

ወደ ወሎ የሚያደርሰው የመጀመሪያው መንገድ በየመን በኩል ያልፋል። ከ1229 እስከ 1454 የመንን የገዙት ረሱሊዶች ለቤተ መንግሥታቸው የሚሆኑ የነሐስ ዕቃዎችን በካይሮ አንጥረኞች ያሠሩ ነበር፤ የሥርወ መንግሥታቸው ዓርማ የሆነው ባለ አምስት ቅጠል ጽጌረዳም በየዕቃው ላይ ይቀረጽ ነበር። በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ከእነዚህ አንዱ የሆነ፣ በብር የተጌጠ የነሐስ የፍም ምድጃ የሚገኝ ሲሆን፣ በላዩ የተቀረጸው ስም ከ1250 እስከ 1295 የነገሠው የሱልጣን አልሙዘፈር ዩሱፍ ነው። ይህ ስም ለኢትዮጵያ ታሪክ እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያን ሰሎሞናዊ ሥርወ መንግሥት በ1270 የመሠረተውና ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ጋር ስሙ ተሳስሮ የሚነሣው ዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ ጳጳስ እንዲላክለት ለግብፁ ሱልጣን ለበይበርስ በ1274 ገደማ የጻፈው ደብዳቤ ወደ ካይሮ የተላለፈው በዚሁ በየመኑ ሱልጣን በኩል ነበር። ከሐይቅ ዙሪያ የተነሣ ንጉሥ መልእክት ያለፈው፣ እንዲህ ያለ ምድጃ ፍም በሚሞላበት ቤተ መንግሥት አማካይነት መሆኑን መገንዘብ፣ በተራራ ተከቦ ለብቻው የኖረ አድርገው ወሎን ለሚያስቡ ሰዎች አሳባቸውን እንዲመረምሩ የሚያደርግ ነው። በዘይላ ወደብ በኩል ወደ ይፋትና ወደ አማራ ይገባ የነበረው የንግድ መንገድም ከዚያው ከየመን ጠረፍ ጋር የሚያገናኝ ነበር።

ሁለተኛው መንገድ በዐፄ ይስሐቅ ዘመን የተከፈተ ሲሆን፣ ይህ ንጉሥ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ከ1414 እስከ 1429 ገደማ የገዛ ነው። ግብፃዊው የታሪክ ጸሐፊ አልመቅሪዚ በኢትዮጵያ ስለነበሩት የሙስሊም ገዥዎች በጻፈው ድርሳን፣ ከግብፅ የመጡ ባለሙያዎች በይስሐቅ ቤተ መንግሥት እንዴት እንደተቀበሉ ይተርካል። ከእነዚህ መካከል አንዱ ሰርካሲያዊ መምሉክ የጦር መሣሪያ ሠሪ የነበረ ሲሆን፣ ሰይፍ፣ ጦርና ጥሩር የሚሠራበት ታላቅ የመሣሪያ ግምጃ ቤት ለንጉሡ አቋቁሟል፤ ሌላው፣ በላይኛው ግብፅ በሹመት ላይ የነበረው አልጡንቡጋ፣ የንጉሡን ሠራዊት በቀስትና በጦር አያያዝ አሠልጥኗል። በመምሉክ አገር የጦር መሣሪያ ሠሪነት የብረት መቀጥቀጥ ብቻ አልነበረም፤ ሰይፍና ጥሩር በወርቅ መለበጥንና በጽሑፍ ማስጌጥንም ያጠቃልላል። ስለዚህ የካይሮ የማዕድን ጥበብ በአንድ ሰው እጅ ተይዞ በቀጥታ ወደ ኢትዮጵያ ንጉሥ ሰፈር መግባቱ በጽሑፍ የተመዘገበ ነገር ነው፤ አልመቅሪዚ የአሠልጣኙን ስም ጠቅሶ ሠሪውን በሙያውና በዘሩ ብቻ ማንሣቱ ደግሞ ልብ ሊባል ይገባዋል።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የአማራ አገር ይባል በነበረው፣ ዛሬ ደቡብ ወሎ በሆነው ደጋ ላይ የማዕድን ጌጥ ምን ያህል ደርሶ እንደነበረ የሚመሰክሩት ሁለት እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ጸሐፊዎች ናቸው። በዐፄ ናዖድ ተጀምራ በልጁ በዐፄ ልብነ ድንግል የተፈጸመችው የመካነ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በጥር 1521 ስትቀደስ፣ ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በሥፍራው ተገኝቶ በማዕድን ጠፍጣፋ የተለበጠውን ዋና በሯን ገልጾ ጽፏል። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1531፣ የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሠራዊት ቤተ ክርስቲያኗን ሲያቃጥል ደግሞ፣ የኢማሙን ዘመቻ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ ግድግዳዎቿ በወርቅና በብር ጠፍጣፋ ተለብጠው በዕንቁ ማጌጣቸውን በአድናቆት መዝግቧል። ጠላት ያደነቀው ሥራ በመሆኑ የሠሪዎቹ ብቃት ጥርጥር የለውም። በሩን የለበጡት፣ ጠፍጣፋውን የቀጠቀጡትና ዕንቁውን ያስገቡት ሰዎች ግን በሁለቱም መጻሕፍት ውስጥ በስም አይገኙም፤ ሥራቸውም ራሱ በእሳቱ ጠፍቷል።

በወሎ የእስልምና ቤተ መንግሥት ባህል በራሱ ምድር ላይ የኖረው በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ኢማም የሚል ማዕረግ ይዘው በገዙት የወረ ሂመኖ መሳፍንት ዘንድ ነው። ዋና ማዕከላቸው ከነበሩት አንዷ ተንታ ስትሆን፣ መቅደላ አምባም ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 እስኪይዙት ድረስ በወሎ መሳፍንት እጅ ነበር። ከእነዚህ ኢማሞች አንዱ የነበሩት ሙሐመድ ዓሊ፣ ከደሴ ወደ ኩታበር በሚወስደው መንገድ ላይ በሚገኘው በቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በተጠራው ጉባኤ ጊዜ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላም በደሴ አይጠየፍ የሚባለውን የግብር አዳራሽ ያሠሩት፣ በ1906 ዓ.ም. ንጉሠ ወሎ ወትግሬ ተብለው የነገሡት እሳቸው ናቸው። የዚያ ዘመን የክብር ዕቃ ከኢማሞቹም ሆነ ከክርስቲያን መኳንንቱ ዘንድ በዓይነቱ ብዙ አይለያይም ነበር፦ በብር የተለበጠ ጋሻ፣ አፎቱ ብርና ወርቅ የለበሰ ጎራዴ፣ የብር ጌጥ የተሰካበት ለምድ፣ ለጀግና በክንዱ ላይ የሚታሰርለት ቢተዋ፣ የፈረስና የበቅሎ ዕቃ። የመምሉኩ ሱልጣን ለአሚሩ ካባና ቀበቶ እየሰጠ ማዕረጉን እንደሚያጸና ሁሉ፣ በኢትዮጵያም ማዕረግ የሚታየው በሰውነት ላይ በተደረገ ማዕድን ነበር።

ይህ የከበረ ጌጥ ከመሳፍንቱ ቤት ወደ ገበሬውና ወደ ነጋዴው ቤት በሴቶች ጌጥ አማካይነት ወርዷል። በወሎ የሙስሊም ሴቶች በአንገታቸው የሚያደርጉት ድሪ፣ የጆሮ ጉትቻ፣ የእጅ አምባር፣ የእግር አልቦና፣ በውስጡ የቁርኣን ጥቅስ የተጻፈበት ክታብ የሚቀመጥበት የብር መያዣ ከዚሁ ባህል የወጡ ናቸው። የክታብ መያዣው ብዙ ጊዜ ሁለት ጫፉ የተደፈነ ቀጭን ቱቦ ወይም አራት ማዕዘን ሣጥን ሆኖ፣ ከሥሩ በሰንሰለት የሚንጠለጠሉ መርገፎች ይኖሩታል፤ ላዩ ደግሞ በተጠማዘዘ የብር ክርና በጥቃቅን የብር ፍሬዎች ይሸፈናል። የክርስቲያን ሴቶችም ይህንኑ ዓይነት ጌጥ ከማተባቸው ጋር አድርገውታል፤ አንዱ አንጥረኛ ለሁለቱም የሚሠራ በመሆኑ፣ መስቀሉ ላይ የዋለው የክር አጠማዘዝና ክታቡ ላይ የዋለው በአንድ መሣሪያ የወጣ የአንድ እጅ ሥራ ነው።

የወሎ አንጥረኛ ጥሬ ዕቃው በአብዛኛው ጠገራ ብር ነበር። ጠገራ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ሳንቲም ሲሆን፣ ንግሥቲቱ በ1780 ከሞተች በኋላም በዚያው ዓመት ቁጥር እየታተመ በቀይ ባሕር ዙሪያ አገሮች ሲሠራበት ኖሯል፤ ክብደቱ 28 ግራም ያህል፣ ከ1000 እጅ 833 እጁ ንጹሕ ብር በመሆኑ፣ ወርቅ የሚመዘንበት ወቄትም ከአንድ ጠገራ ክብደት ጋር ይስተካከል ነበር። አንጥረኛው ጠገራውን በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ አድርጎ በከሰል ፍም ላይ በወናፍ እያናፋ ያቀልጠዋል፤ ንጹሕ ብር የሚቀልጠው በ961 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን መዳብ የተቀላቀለበት ጠገራ ከዚህ በጥቂቱ ዝቅ ባለ ሙቀት ይቀልጣል። የቀለጠው በጠባብ ቦይ ውስጥ ፈስሶ ዘንግ ይሆናል፤ ዘንጉ በሰንዳን ላይ እየተቀጠቀጠና በየመሀሉ እየጋለ ይቀጥናል፤ ከዚያም እየጠበቡ የሚሄዱ ቀዳዳዎች ባሉት ብረት ውስጥ በጉጠት እየተጎተተ ክር ይሆናል። ሁለት ክር አንድ ላይ ተጠማዝዞ በመጠኑ ሲጠፈጠፍ ጠርዙ እንደ ገመድ ጥለት ያወጣል፤ ትንንሽ የብር ቁርጥራጮች በከሰል ዱቄት ውስጥ ሲግሉ ደግሞ ቀልጠው በራሳቸው እየተድበለበሉ ፍሬ ይሆናሉ። ክሩና ፍሬው ብር ላይ የሚያዙት በብየዳ ነው፤ የብየዳው ብር ከጌጡ ብር ቀድሞ እንዲቀልጥ ተደርጎ ስለሚቀላቀል፣ ሙቀቱ በጥቂት ካለፈ የሳምንት ሥራ በአንድ ጊዜ ይቀልጣልና እሳቱን በዐይን ብቻ መመዘን የሙያው ከባዱ ክፍል ነው።

ከሞሱሉ ሥራ የሚለየው ዋናው ነገር እዚህ ላይ ይታያል። ሞሱል ላይ ማዕድኑ ርካሽ ስለነበረ ዕቃው የሚከበረው በቀራጩ እጅ ነው፤ ወሎ ላይ ግን ማዕድኑ ራሱ ገንዘብ ነበር። ሴት ልጅ ድሪዋን የምታስመዝነው በጠገራ ቁጥር ነው፤ ችግር ሲመጣ ድሪው ይሸጣል ወይም ቀልጦ በአዲስ መልክ ይሠራል፤ ስለዚህ ጌጡ ከአንድ ወይም ከሁለት ትውልድ በላይ በመጀመሪያ መልኩ አይቆይም። ሊቀልጥ በተዘጋጀ ዕቃ ላይ የሠሪ ስም የሚቀረጽበት ምክንያት ትንሽ ነው። ይህ የስሙ መጥፋት አንደኛው ምክንያት ሲሆን፣ ሁለተኛው ከዚህ የከበደና የሚያሳዝን ነው፤ አንጥረኛው በሠራው ጌጥ ሰው ሁሉ እያጌጠ፣ እሱ ራሱ ግን ቡዳ ነው እየተባለ፣ መሬት እየተነፈገና ከጋብቻ እየተገለለ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለሙያን በሙያው መስደብን ከልክለዋል፤ አንጥረኛም፣ ሸማኔም፣ ጸሐፊም፣ ገበሬም ሁሉ ከአንድ አዳምና ከአንዲት ሔዋን እንደተገኙ በአዋጁ ተገልጿል። በሕግ የተከለከለው ስድብ ከልማድ ወዲያው እንዳልወጣ ግን በየአካባቢው የታወቀ ነው።

ከዚህ አንጻር ሲታይ ከመቅደላ የተወሰደ አንድ ጽዋ ልዩ ትርጉም አለው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደርና ከሌሎች ቦታዎች ያሰባሰቡት ሀብት በመቅደላ ተከማችቶ ሳለ፣ የእንግሊዝ ጦር ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባውን ያዘ፤ የተዘረፈውም ንብረት በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ተጭኖ በደላንታ ሜዳ ላይ ለጨረታ ቀረበ። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ አንድ የወርቅ አክሊልና አንድ የወርቅ ጽዋ ከአንድ ወታደር በ4 ፓውንድ ገዛ። ሁለቱም ዛሬ ለንደን በሚገኘው በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ናቸው። አክሊሉ በ1740 ገደማ የተሠራ ሲሆን፣ የወንጌላውያንና የሐዋርያት ምስሎች ከውስጥ በመዶሻ ተገፍተው በላዩ ወጥተዋል፤ በብር ክር እንደሚሠራው የረቀቀ የክር ሥራና በመስተዋት ፈርጦችም አጊጧል። ጽዋው ደግሞ ዐፄ ኢያሱ 2ኛና እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ በጎንደር ለምትገኘው ለቁስቋም ቤተ ክርስቲያን የሰጡት መሆኑ በግእዝ ተቀርጾበታል፤ ሠሪው ወልደ ጊዮርጊስ ሳይሆን እንዳልቀረም የሙዚየሙ መዝገብ ያመለክታል። ከመቅደላ ከወጣው ያን ያህል ወርቅና ብር መካከል ከአንድ አንጥረኛ ስም ጋር ተያይዞ የሚነሣ ዕቃ መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው። ለዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ቀልጦ የፈሰሰው፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል መድፍ እስከ ዛሬ በመቅደላ ሲቀር፣ በእጅ የሚያዘውና የረቀቀው ሁሉ መሄዱም የዚያ ዘረፋ ጠባይ ነው።

በምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥቱ የዘውድ ሥራ በከፊል ከቁስጥንጥንያ ወደመጣው አርመናዊ ወርቅ ሠሪ ወደ ዲክራን ኤቤያን እጅ ገብቷል፤ በዚህም ሌላ የእስልምና ቤተ መንግሥት፣ የኦቶማን ሱልጣኖች ከተማ ያሳደገው ሙያ፣ በክርስቲያን አንጥረኛ እጅ የክርስቲያን ንጉሥ ዘውድ ሠራ። የውጭው ሰው ስም ተመዝግቦ ሲቀር፣ በዚያው ዘመን በአንኮበር፣ በጎንደርና በወሎ ይሠሩ የነበሩት ያገር ሰዎች ስም አለመመዝገቡ ተመራማሪን የሚያስቆጭ ነው።

በደሴ ከተማ በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ የቀድሞ መኖሪያ ውስጥ የተቋቋመው ሙዚየም የወሎን ቅርስ ሲያሳይ ቆይቶ፣ በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ተዘርፏል፤ ስለዚህ በየቤቱ ያለው ጌጥ የሚሰጠው ምስክርነት ከቀድሞው ይልቅ ዋጋው ጨምሯል። የብር ጌጥ የሚጠቁረው በአየር ውስጥ ያለ ድኝ ከብሩ ጋር ሲዋሐድ እንጂ ብሩ ስለተበላሸ አይደለም፤ በአመድ ወይም በአሸዋ ሲታሽ ግን ጥቁረቱ ብቻ ሳይሆን ቅርጹም አብሮ ስለሚለቅ፣ በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ መጥረግ ይሻላል። የጌጡን ዘመንና አሠራር ለማወቅ ከፊቱ ይልቅ ጀርባው የበለጠ ይናገራል፤ የመዶሻ ምት፣ የሞረድ ጭረት፣ የብየዳ ቅሪትና አንዳንዴም ሳይጠፋ የቀረ የጠገራ ጽሑፍ ፍንጭ የሚገኘው በዚያ ነው። የወረሱት እናቶች ጌጡ በየትኛው ገበያ፣ በስንት ጠገራና በማን እጅ እንደተሠራ የሚያስታውሱ ከሆነ፣ ያን ቃላቸውን ጽፎ ከጌጡ ጋር በአንድ ላይ ማኖር ለቀጣዩ ተመራማሪ የሹጃዕ ኢብን መንዓን ጽሑፍ ያህል ይጠቅማል።